የማዶው ክር

አጉማስ ከዋርካው ሥር ተቀምጧል አጎንብሶ፣
መረቡን በእግሩ ጣት፣ ክሩን በጥርስ ነክሶ።
ጉማሬ የቀደደው፣ ጉቶ የበጠሰው፣
አሥራ ሰባት ዓይን ነው ዛሬ የፈረሰው።

መጀመሪያ ይቆርጣል። ይህ ነበር የገረመኝ።
«የላላውን ጫፍ ሁሉ ካላወጣሁ» አለኝ፣
«ቀዳዳው ከቀዳዳ ካልሰፋ በምላጬ፣
አዲስ ክር የት ይይዛል ብስባሽ ላይ አስቀምጬ?»
ከዚያ ያልተነካውን ጎረቤት ዓይን አይቶ፣
ወርዱን በአውራ ጣቱ፣ ቋጠሮውን ለክቶ፣
ይሞላል ባዶውን።

          እኔ ፔዳ ግቢ በጠመኔ የሳልኩትን፣
ለስልሳ ተማሪ «ዲኤንኤ እንዲህ ነው» ያልኩትን፦
«ሁለት ክር ተጋምዶ እንደ ገመድ መሰላል፤
ኤ ዘወትር ከቲ፣ ጂ ከሲ ይውላል፤
ሕዋስ ሊከፈል ሲል ክሩ ይተረተራል፤
እያንዳንዱ ግማሽ ያጣውን ይሠራል፤
ስድስት ቢሊዮን ፊደል በአንድ ሌት ይገለብጣል፤
ሲስት ይሰማዋል፤ አንድ እርምጃ ይመለሳል፣ ይፍቃል።
አንዱ ክር ቢጎዳ ማዶው ያስታውሳል»
ያልኩትን ሁሉ፣ ለካ አጉማስ ነው
ሳይማር በጣቱ ጠንቅቆ የሚያውቀው።

ጣና ላይ ፀሐይዋ ሁለቴ ትወጋለች፤
አንዴ ከሰማይ ወርዳ፣ አንዴ ከውሃው ነጥራ ትመጣለች።
ከአጉማስ ማጅራት፣ ከሕዋሱ ጓዳ ገብታ፣
ሁለት ጎረቤት ቲ ታጋባለች ያላንዳች ይሉኝታ።
ክሩ ይጎብጣል። ገልባጩም እዚያ መጥቶ
ይቆማል፣ እንደ በቅሎ እንቅፋት ተመትቶ።
ሌት ከቀን፣ ሳይጠራ፣ ጠጋኙ ይደርሳል፤
ያበጠውን ዳስሶ ግራ ቀኝ ይበጥሳል፤
ሠላሳ ያህል ፊደል ቆርጦ ይጥላል፤
ማዶውን እያየ ባዶውን ይሞላል።
አጉማስ ይህን አያውቅም። ያካል ማጅራቱን፤
ያስባል የዓሣ ዋጋ፣ የቅዳሜ ገበያውን።

ልጁ ግን፣ እንጉዳይ፣ ቀን ቀን አትታይም፤
ስሙን ሲያወጡላት ማንም አልጠረጠረም፤
ጥላ ነው የሚያበቅላት።
          በሁለት ዓመቷ
ጉንጯ ተልጦ፣ ነቁጥ ሞልቶት ፊቷ፣
ጠበል ወሰዷት። ሰባት ቀን። በጠራራ።
ተራ ሲጠብቁ፣ ፀሐይ ስትሠራ።
ከአባት አንድ ግድፈት፣ ከእናት አንድ ግድፈት፤
አንዲት ፊደል ነበረች የተሳሳተች ከጥንት።
ገልባጩ ታማኝ ነው፤ ያገኘውን ይጽፋል፤
ግድፈቱንም ሳይቀር አክብሮ ያሳልፋል።

ሲመሽ ትወጣለች። ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ፣
መርፌውን ከአባቷ ትቀበላለች ተቀምጣ።
ከአሥራ ሰባቱ ዓይን ዘጠኙን ሠርቶ ነበር፤
ስምንቱን ያዘች እሷ፣ ቃል ሳትናገር።

«መምህር» አለችኝ በኋላ፣ ቀና ሳትል ከክሩ፣
«የማዶው ክር እኔም ውስጥ አለ?»
          «አለ። ሙሉው አለ።»
«ታዲያ ምን ጎደለ?»
          «ምላጩ።»

ዝም አለች። ምላጩን ከአባቷ ጭን ላይ አነሣች፤
የላላውን ጫፍ፣ ከቀዳዳው ጥቂት አልፋ፣ ቆረጠች።
ከዚያ ከታንኳው ፊት ተቀመጠች። አጉማስ ገፋ።
የከተማው መብራት ውሃው ላይ ተሰባብሮ ጠፋ።

ጎህ ሳይቀድ ይገባሉ።
እኔ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል አለኝ።