ቀለም

ማዕበል ነው አሉ፣ ሁሉም ተስማማበት፣
በነሐሴ ሌሊት ጣና የተቆጣበት።
እኔ ግን ነበርኩኝ ጎርጎራ ወደቡ
በዋዜማው ማታ ጭነቷን ሲያስገቡ፤
ሁለት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ከኋላ፣
ከፊት ያንኑ ያህል፣ በቆሎ ባቄላ፤
መሐሏ ግን ባዶ። ወገቧስ? ማንም
ይችላል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

ተሻገር በያጁ፣ ከአዘዞ ተጠርቶ፣
በጭነት በሯ ጥግ ጥፍሩን አስገብቶ፣
"ፀጉር ብታክልም" አለ፣ "ይቺ ትሮጣለች፤
ጫፏን ካልበሳሁት ወዴት ትቆማለች?
ክብ ነገር ነው እንጂ ስንጥቅ የሚያስቆመው።"
ባለቤቷ ፈንቴ ሳቀና መለሰው፦
"መርከብ በስቶ ማዳን! ምን የሚሉት ጥበብ?
ቀለሙን አምጡልኝ! ትቀባ፣ ትዋብ!"
አረንጓዴ ቀቧት። ሳይደርቅ ተሳፈሩ፣
በቀለሙ ሽታ እየተማረሩ።

ተሻገር አልሄደም። ከኪሱ ሽቦ አወጣ።
አጠፈው፣ አቃናው።
አጠፈው፣ አቃናው።
በአሥራ ሰባተኛው
ሽቦው ሁለት ሆነ፣ እጁ ላይ፣ ያለ ድምፅ።
"ሞገድ ከሆዷ ሥር ሲገባ
አፍንጫና ጅራቷ አየር ላይ ይቀራሉ፤
ሲያልፍ ደግሞ ጫፎቿ ተይዘው ወገቧ ይንጠለጠላል።
ይህንኑ ነው ሌሊቱን ሙሉ የሚያደርጋት" አለኝ፤
ስባሪውን ጉልበቴ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ሞተረኛው ሞገሴ፣ ጀሪካን አቅፎ የተረፈው፣
"መድፍ መሰለኝ" ይላል። "መብረቅ አልነበረም።
ብረት እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።
ከዚያ መሐላችን ውኃ ቆመ፤
እኔ በዚህ ግማሽ፣ ውዴ በዚያ ግማሽ።"
ውዴ ትኬት ቆራጯ።
ጉርዱን በፌስታል ቋጥራ
አንገቷ ላይ አስራው ነበር፤
አንዲት ፊደል አልረጠበችም።
ጉርዱ አርባ አንድ ይላል።
ወደብ ላይ የቆጠርነው ሠላሳ ስድስት።

በሳምንቱ ጎንደር፣ ከግንቡ ቅጥር በር፣
ተሻገር እጄን ይዞ ከቅስቱ ድንጋይ ሥር
"ዳስሰው" አለኝ፤ "ጥግ አገኘህ?" አልነበር።
"ሸክሙ የሚቋጠርበት የለም፤
ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ መሬት ይገባል።
እነዚህ ሰዎች ባሕር አላዩም እኮ።"

ቤቴ ገብቼ መስኮቴን አየሁ።
አራት ጥግ፤
ከሁለቱ ቀጭን መስመር ወጥቶ ወደ ጣሪያው ይሄዳል።
ለእንቁጣጣሽ ብዬ የገዛሁት ቀለም
አልጋ ሥር አለ፤ ክዳኑ አልተከፈተም።