የሁለት ሰው

ጤፍ በወረደበት፣ በጥር ገበያ ቀን፣
ቺንጋው ተወርውሮ፣ ፑሊው ለሁለት ሲሆን፣
ሮቢት ሰፈር ሁሉ ጸጥ አለ ባንድ ጊዜ፤
ወፍጮ ዝም ሲል ከባድ ነው፣ ያስንቃል ትካዜ።

ባሌ አሊጋዝ ነበር ከአዳማ ያመጣው፣
ሃያ ሦስት ዓመት የዞረ ብረት ነው።
እሱ ካለፈ እንኳን አራት ክረምት ወጣ፤
ፑሊው ግን ይዞራል፣ መርዶው እንዳልመጣ።

ግማሹን ስብራት በጆንያ ጠቅልዬ፣
ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ ጭኔ ላይ ጥዬ።
ረዳቱ ዳሰሰው፣ ክብደቱን ገምቶ፤
"ለእሱም ትከፍያለሽ" አለ እጁን ዘርግቶ።
ሐረጎን ስንወርድ ጆሮዬ ደፈነ፤
የደሴ ብርድ አልቆ ሹራቤ ሸክም ሆነ።

የመጀመሪያው ቤት ሶፋ፣ ምንጣፍ አለው፤
"በሦስት ቀን" አለኝ፣ "ዋጋውም ግማሽ ነው።"
"እቶኑን አሳየኝ" ብለው ሰዓት አይቶ፣
"አቧራ ነው፣ እናቴ" አለኝ በሩን ዘግቶ።

ሁለተኛው ደግሞ ሰማያዊ ቀለም
ቀብቶ ደርድሯቸዋል፤ እንከን የሚባል የለም።
በጥፍሬ ቧጨርኩት፤ እኔ ሊጥ አውቃለሁ፣
ስቱኮን ከብረት እለየዋለሁ።
ከቀለሙ በታች ጉድጓድ፣ ባቄላ ያህላል፤
አየር የበላውን በስቱኮ ደፍኗል።
ምንም አልተናገርኩ። ጆንያዬን አነሣሁ።

ሦስተኛው ቆርቆሮ ነው፣ ቦርከና ዳር፤
ታፔላ የሌለው፣ የጥቁር አሸዋ መንደር።
ሙሄ ይባላል፣ ቅንድቡን እሳት የበላው፣
ምንም ብትነግሩት የማይገርመው የሚመስለው።
ስለ ዋጋ አላወራ፣ ስለ ቀን አላወራ፤
"ወደ ፀሐይ አምጪው" አለኝ፣ እጄን እየመራ።
ስብራቱን አሻሸ፤ ጣቱ ጠቆረበት፣
እርሳስ እንደሚቀርጽ ልጅ፣ ፊደል እንደገባበት።
"ጥሩ ብረት ነበር" አለ፣ "ግራጫ ነው፣ ልዝብ፣
ሆዱ ውስጥ ጥላሸት አለ፣ ቅጠል ቅጠል የሚነበብ።
ንዝረት ይውጥልሻል፣ ለሞረድ ይታዘዛል፤
ቶሎ የቀዘቀዘ ግን ነጭ ሆኖ ይወጣል።
ነጩ ያብረቀርቃል። ሞረድ ይሰብራል።
አንድ ቀን ደግሞ እሱ ራሱ ይሰበራል።"

በስምንተኛው ቀን ሐሙስ ስመለስ፣
ፑሊዬ በገመድ ተሰቅሏል፣ ሲታይ ደስ።
በትንሽ መዶሻ ነካ አደረገው፣ ደግሞ መታ፤
ጆሮውን አስጠጋ፤ ፊቱ ቀስ ብሎ ጠፋ።
"ድው" አለ እንጂ፣ የሚጠብቀው ድምፅ አልመጣ።
አወረደውና፣ በትልቁ መዶሻ፣ እንደ ደረቅ ቂጣ
ለሁለት ከፈለው፣
እኔ እያየሁት።
የስምንት ቀን ገቢ፣ የተመለሰ ደንበኛ፣ ብድሬን ቆጠርኩት።
ተሳደብኩ። ወላሂ ተሳደብኩ።
ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አሳየኝና
"እኔ ጋ ይሰበር፣ አንቺ ጋ ከሚሰበር" አለኝ፤
ሌላ ቃል አልጨመረልኝ።

ትንሽ ቆይቶ ግን ጆንያዬን አየው።
"ያንን ስጪኝ" አለ፣ "ከአዲሱ ልጨምረው፤
ለብረትም እርሾ አለው።"
እጄ አልላቀቅ አለ። አሊጋዝ ነው ያበሰው፣
በየማለዳው በዘይት ጨርቅ ያሻሸው።
ሰጠሁት።

ሞዴሉ ከአሸዋው ሲወጣ ቆሜ አየሁ፤
እንጨቱ ሄዷል፤
አሸዋው ግን ቅርጹን እንደያዘ ቀርቷል።
ሰሙ የለ፣ ወርቁ የለ፣ ባዶውን ነው የሚሞሉት፤
ቀዩ ወረደ፣ አረፋው ተገፈፈ፣ ጉድጓዱ ጠገበ።
ያን ሌሊት አትንኩት አለ። በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፣
የቸኮለ ብረት ነጭ ይሆናል።

ቅዳሜ መዶሻውን ለእኔ ሰጠኝ።
"አንቺ ምቺው።"
መታሁት።
ድምፁ ግቢውን ዞሮ፣ ቆርቆሮውን ነክቶ፣ ቦርከና ወረደ፤
የተኛው ውሻ ቀና አለ፤
ከሐረጎ ጀምሮ የተደፈነው ጆሮዬ
ያኔ ተከፈተ።

ወደ ደሴ ስንወጣ፣ ጎኔ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።
ረዳቱ ገና እጁን ሳይዘረጋ፣
"የሁለት ሰው" አልኩና ከፈልኩት።