ሌንስ የለም

አዲሷ ካሜራ ገና ስትበራ
«ሌንስ አልተገጠመም» ስትል ጻፈች በቀይ።
ኤደልትራውድ ሳቀች፦ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ
እዚህ የና ውስጥ ስወለውል የኖርኩት
ታዲያ አየር ነው ወይ?»

የልጅ ልጇ ሄኒንግ ማዘዣውን ነካክቶ
ዕውሪቱን አግባባት።
ቀለበቱ እንቢ አለ፤ ቅባቱ በብርድ ደርቋል።
ትንሽ ወደ ግራ፣ መጋረጃው ጠራ፤
መለስ ሲያደርገው የሹራቧ ክር ተቆጠረ፤
ዓይኗ ጋ ሊደርስ ሲል፦
«አትተንፍሺ!»
«በሰማንያ ሦስት ዓመቴ?»

ቀጭ።
ፊቷ ጉም። መስኮቱ ጉም።
ጥርት ያለው አውራ ጣቷ ብቻ፣
ድሮ መስተዋት የሸረከተው፣
ነጭ ጠባሳው ሳይቀር።

ሊሰርዘው ሲል እጁን ያዘች፦
«ተወው፣ የሚያውቀውን አየ።
ቀለበቱን ግን ቅባት ቀባው።»