አራት ዐሥረኛ

ከሕንፃው ግርጌ፣ ከደረጃው ስር፣ አንዲት ዕቃ ቤት አለችኝ፤
ለብስክሌትና ለአሮጌ ፍራሽ ብለው ነበር የሰጡኝ።
እኔ ግን ሞርሳ አሰርኩባት፣
መብራት አንጠለጠልኩባት፤
ኪርያት ጋት በሐምሌ ስትነድ፣ የማመልጠው ወደሷ ናት።

መጀመሪያ የገዛሁት ካሊፐር በቁጥር የሚለፈልፍ ነበር፤
ከሹቅ፣ በሠላሳ ሸቀል፣ ካልሲና ቻርጀር ከሚሸጥበት ሰፈር።
ትናንት ያለውን ዛሬ ይክዳል፣
እንደ ሰካራም ምስክር ይምላል።
ዘግቼው እንኳ ባትሪ ይበላል፤
ተኝቶም ይርበዋል።
በእሱ ቃል ለጎረቤቴ ልብስ ማጠቢያ አንድ ቡሽ ሞረድኩኝ፤
ማሽኑ ሌሊቱን ሲያጓራ፣ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሰደብኩኝ።

ይፊም፣ የወዲያኛው መግቢያ ሰው፣ አርባ ዓመት ቶርኖ ላይ የቆመ፣
አንድ ጣቱ ጎሎ፣ የቀሩት ዘጠኙ ዘይት ጠጥተው የከረመ፣
በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣ ሲያቅተው በእጁ፣ እንዲህ አለኝ፦
«መንጋጋዎቹን ግጠምና ወደ መስኮት አንሳው፤
በመሃላቸው ብርሃን ካየህ፣ ለባለቤቱ መልሰው።
ዜሮው ከዜሮ ካልገጠመ፣ በነፃ ቢሰጡህ አትውሰድ፤
አውራ ጣትህ ሲገፋው፣ እንደ ቅቤ ይሂድ፤
እንደ ላላ ጥርስ ግን አይነቃነቅ።
ስትለካም አትጭመቅ።
አንቀህ ብትይዘው፣ አንተ የምትወደውን ቁጥር ይነግርሃል፤
ቀስ ብለህ ብትነካው ግን
የራሱን።»

ከዚያ የራሱን ሰጠኝ። ካሊፐሩን።
ባትሪ የለው፣ መስኮት የለው፤ ከላይ መስመር፣ ከታች መስመር።
ከታቾቹ አንዱ ብቻ ነው ከላይኛው ጋር ቀጥ የሚል፣
ሌሎቹ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይስታሉ።
እሱን አንዱን መፈለግ፣ መነጽር አጥልቆ፣ ትንፋሽ ውጦ፣
የማያውቁት ሰው ሠርግ ላይ
የሚያውቁትን ፊት እንደመፈለግ ነው።

ከሞረድ ጋር አላስተኛውም። የጋለ ብረት አላስነካውም።
ሳበቃ በአሮጌ ካናቴራ ጠርጌ፣ አንዲት ጠብታ ዘይት፤
መንጋጋውን ትንሽ ከፈት አድርጌ ነው የማኖረው፣
ተናክሶ እንዳያድር።

አባቴ ጓዴ፣ በፕላስቲክ ወንበር፣ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል።
ድምፁን ይሰማል፣ የሞረዱን፣ የመጋዙን፣ ያጣጥማል።
የከተማዋ ስም ሁልጊዜ ያስቀዋል፦
«በስንዝር አልሆን ብሏቸው፣ በጋት የለኩትን አገር ሰጡን!» ይላል።
ወገራ ሲቀጠቅጥ ሜትር ይዞ አያውቅም፤
ዐይኑ ነበር ሜትሩ፣ ፀጉር ይሰነጥቃል።
ቀን ማረሻ ሊያስመቱ የመጡት፣
ማታ ልጆቻቸውን ከዚያ ዐይን ሸሸጉ፤
ይበላል አሉ።
ኋላ ግን ዐይኑን ራሱን፣ እዚህ፣ ስኳር በላው።

ከሻንጣችን ግርጌ የተረፈች አንዲት ወገል አለችን፤
እርፍና ሞፈሩ ቀርተው እሷ ብቻዋን የተሻገረች።
ትናንት ውፍረቷን ለካኋት።
ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። አዞርኳት፤
ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። እጄን ጠረግኩና ደገምኩት፤
ዘጠኝ ነጥብ ሁለት።
በዐይን የተመታች! በፍም ብርሃን!
አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት።

ምንም አላልኩትም።
ከእጄ ተቀበላትና በአውራ ጣቱ ዙሪያዋን ሄደባት፣
ሄደ፣ ሄደ፣
ቆመ።

«እዚህ ጋ ጉጠቱን የያዝከው አንተ ነበርክ» አለ።
«ጅብ ጮኸ። እጅህ ተንቀጠቀጠ።»

መልስ ጠፋኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር።

«ስንት ይለዋል ያንተ ብረት?»
«አራት ዐሥረኛ።»
«ብዙ ነው?»
«ለልብስ ማጠቢያ፣ ብዙ ነው።»

ሳቀ፣ ወገሏን ጉልበቱ ላይ አኖራት።
«በሬው ግን አላወቀም» አለ። «አርሷል።»