ስልሳ አራት

ድሬ፣ ከዚራ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት፤
ማራገቢያው ቆሟል፤ ግድግዳው ትኩሳት።
በላፕቶፔ ሆድ ውስጥ ሌላ ማሽን አለ፣
መደመር፣ ማነጻጸር፣ መዝለል የቻለ፤
ግን «ስልሳ አራት» ብሎ ሲያንኳኳብኝ
መልሱ ጠፋብኝ።

አጎቴ ሙሜ ባቡር ጣቢያ አስተርጓሚ ነበር፤
የሶማሌውን ጥያቄ ለጉምሩኩ ሹም ሲነግር
አይጨምር፣ አይቀንስ፤
«የለም» ሲሉት፣ «የለም»ን እንዳለ ሲመልስ
ላቡን እንኳ አይጠርግም።

እንደሱ በሩ ላይ ቆምኩ።
እንግዳው ስልሳ አራት ያለው
በኛ ቤት «አንድ» ነው፤
ከርነሉ ጋ አደረስኩለት፣
የመልእክቱን አድራሻ አቃንቼለት።

ሰላም
አለ ጥቁሩ መስኮት።

ወዲያው ደግሞ «ዘጠና ሦስት»።
ልሂድ ማለቱ ነው።
ለሱ ገና ቃል የለኝም፤
ደቻቱ ማዶ አህያ ጮኸ፤
እንግዳዬ በር ላይ ነው፣ አልሸኘሁትም።