የሰደፉ ጭረቶች

ከሰንዳፋ መንገድ ታጥፎ በስተግራ፣
የጭቃ ቤታችን ሲፈርስ በተራ፣
ከማገሩ መሐል፣ ከጭዱ፣ ከጭቃው፣
አንድ ረጅም ነገር አካፋዬን ነካው።
ሬሳ መሰለኝ፤ እጄን ሰበሰብኩ፤
ቀስ ብዬ፣ እንደ ሐኪም፣ ጆንያውን ገለጥኩ፦
በጠፍር ታስሮ፣ በሞራ ተቀብቶ፣
ያያቴ ቤልጅግ ነው፣ በቁሙ ተኝቶ።

"መሣሪያ አስረክቡ" ሲባል አገር ላገር፣
አባቴ ለስኖበት፣ ለናቴም ሳይነግር፣
እዚያው ግድግዳ ሥር አልጋውን ዘርግቶ፣
ሠላሳ ዓመት ተኛ ጀርባውን ሰጥቶ።

መጀመሪያ ፖሊስ፤ ፎርም፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣
ነገ ና፣ ሰኞ ና፣ "ኃላፊው የለም"።
ፈቃዱ ሲወጣ፣ በጋቢ ሸፍኜ፣
ለገጣፎ ወረድኩ አይሱዙ ላይ ሆኜ፣
ላቀው ዘንድ፣ ቶርኖ ቤት። መነጽሩን ጠርጎ
አየው እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አድርጎ።
መዝጊያው አልላወስ፣ ከአካሉ ተጣብቋል።
መዶሻ ሳነሣ፦ "ተው! ብረት ቂም ያውቃል።"

ነጭ ጋዝ ውስጥ ዋለ፤ ሰባት ቀን ጠበቅን፤
በየማታው ሄደን በጣት ነቀነቅን።
በስምንተኛው ቀን አንዳች ነገር ላላ፣
"ቀጭ" አለና መዝጊያው ተጎተተ ኋላ፣
እንደ አሮጊት ጉልበት፣ ከስግደት ሲነሣ።

ሞላው ተበጥሷል፤ በጠንካራ ሽቦ
አዲስ ጠመዘዘ፣ ሦስት ጊዜ አስቦ።
የመምቻው መርፌ አጥሮ፣ ሌላ ሞረደለት፤
ሰደፉ ቢሰነጠቅ፣ ወይራ ሰካለት።
እንጨቱን ለኔ ተወ፦ "ተልባ ዘይት ግዛ፣
በአውራ ጣትህ እሸው፣ እስኪሞቅ፣ እስኪወዛ።"

ሳሸው፣ ሳሸው፣ ከእድፉ በታች
ጭረት ብቅ አለች፤ ሌላም ተከተለች፤
አሥራ ሰባት ሆኑ፣ ተርታ፣ እንደ መሰላል።
ወንድሜ ኪሩቤል "ጠላት ነው!" ይላል፣
"አሥራ ሰባት ነፍስ!" ብሎ ሰፈር አዳረሰ፣
በስልኩ አነሣው፣ ላየ ሁሉ ደገሰ።
እውነት ለመናገር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤
ሌሊት እነሣለሁ እነሱን ልቆጥር።

ቅዳሜ ጋሽ ጉርሜሳ በከዘራ መጡ፣
ዳሰሱት ሰደፉን ዐይን ሳይገልጡ።
"ይኼማ ገብስ ነው" አሉኝ በለሆሳስ።
"አያትህ ዘር ሲያልቅ፣ ሰኔ ሲደርስ፣
ይህን ያስይዝና፣ ካባቴ ጎተራ
አንድ ዳውላ ጭኖ ይወርዳል ሊዘራ።
ጥር ላይ ሲከፍል፣ በካራ አንድ ጭረት።
ከናንተ እኛ ቤት ነው ይልቅ የከረመው፤
'አይነካም፣ የሰው ነው' ስባል ነው የማውቀው።
ሰው ገድሎበት እንደሁ፣ እንጃ፣ አልሰማሁም።
ያችን የዳሯን ግን እያት፤ አልሞላችም።"
እውነትም ግማሽ ናት። "ቀሪውስ?" ብላቸው፣
በከዘራ መሬት መጫር ነው መልሳቸው።

እሑድ ድንጋይ ካባው ሠራተኛ የለው፤
በፈቃዱ ላይ ያለው ጥይት አምስት ነው።
የቀለም ቆርቆሮ ከገደሉ አቁመን፣
ጠመንጃውን ከአሮጌ ጎማ ጋር ጠፍረን፣
ከቋጥኝ ጀርባ ሆነን፣ ምላጩን በገመድ ሳብን።

ከሸፈ።

ሁለተኛው ጮኸ። ካባው መልሶ ጮኸ።
ማዶ ካለው ኮንዶሚኒየም አንድ መስኮት ተከፈተ።
ብረቱ አልፈነዳም።
ላቀው አፈር ላይ ቁጭ አለ፣ ላቡን ጠረገ፣ አልተናገረም።

ሦስተኛው የኔ፤ ትከሻዬን እንደ በቅሎ ረገጠኝ፣
ቆርቆሮዋ እንደቆመች ናት፣ ትንሽ የሳቀች መሰለኝ።
አራተኛው የላቀው፤ እሱም ሳተ፤
ነፋስ ነው ብሎ አማረረ፣ ነፋስ በሌለበት።

"ወዲህ በለው" አሉ ጋሽ ጉርሜሳ።
ከዘራቸውን አስያዙኝ።
መዝጊያውን ስበው፣ ገፍተው፣ ደፉት፣
እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፤
ልጅ ሆነው፣ ከመደብ ላይ ተኝተው፣
በዐይናቸው ብቻ የለመዱትን።
ተኮሱ።
ቆርቆሮዋን ማንም ዞሮ አላያት።

ጎንበስ ብለው ቀለሁን ከአፈር አነሡ፤ ያቃጥላል፤
ከእጅ እጅ አገላበጡ፣ እፍ አሉበት፣
ኪሳቸው ከተቱት፣ ከዘራቸውን ተቀበሉኝ፦

"ለግማሿ ነው" አሉኝ።