ሦስት ጓጉንቸር

የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሠራተኛ ሳይጠራ፣
የጠባሴ ውርጭ ከቆርቆሮው ሳይራራ፣
ጋሽ ሸዋንግዛው መጋዘን ደረስኩ፣ ፕሮግራሜን ይዤ፣
የሁለት ዓመት ሌሊት፣ ከስክሪን ፊት ፈዝዤ።

ፍላሿን በመዳፍ መዝነው፦
«ገብስ ቢሆን በጥርሴ ሰብሬ አውቀዋለሁ፤
ይኼን የማይቆረጠም በምን እገዛለሁ?»

ያኔ ፕሮግራሙን ትቼ ፍርሃት ሸጥኩላቸው፤
ኮቴ የሌለው ሌባ፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ ሲዘርፍ አሳየኋቸው።
ገዙ።

የመጋዘኑ በር ሦስት ጓጉንቸር አለው፤
የይለፍ ቃላቸው ግን ስክሪኑ ላይ በፕላስተር የተለጠፈው
የልጃቸው ስም ነው። «እንዳይጠፋኝ» አሉ፤
«ደግሞስ አንተ እያለህ ሌቦች ምን ያመጣሉ?»

ይቺ ቃል ወጋችኝ።
ከኮዴ መሐል አንዲት ሽንቁር ነበረች፣
ለጥገና ብዬ የተውኳት፣ ለኔ ብቻ የተከፈተች።
ለኔ ብቻ? ሽንቁር ፊት ለይቶ መች ያውቃል፤
ጌታው በሾለከበት ሌባውም ይሾልካል።

ሌሊት ተነሥቼ፣ ጣቴ በብርድ ደንዝዞ፣
ደፈንኳት።

ሲነጋ ደወሉ፦ «ማደሻ ያልከው መጣ፤ ምን ጨመርክልኝ?»
«ምንም። አንድ በር ቀነስኩ።»
«ቀንሶ የሚያስከፍል ነጋዴ አይቼም አላውቅ!»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤
ዋጋውን ስንት ልበላቸው?